አንበጣና አቀንጭራ፦ የልዕለ ጀግና ፊልሞች ጠላታቸውን እንዴት ይመርጣሉ?



ልጆቻችን ፊልም ሲከፈት አስቀድመው የሚጠይቁት «አክተሩ የቱ ነው?» ብለው ነው። ቀጥለው ደግሞ «ጠላቱስ?» ይላሉ። ሁለቱ ከተመለሱላቸው የቀረውን ራሳቸው ይጨርሱታል። ቋንቋው ባይገባቸው፣ ከሥር የሚያልፈውን የዐረብኛ ጽሑፍ የሚያነብላቸው ቢያጡም ግድ የላቸውም። ማንን እንደሚወዱና ማንን እንደሚጠሉ ካወቁ በቂያቸው ነው።

ወላጅ ግን በዚህ ሊበቃው አይገባም። ለመሆኑ ያንን ጠላት የመረጠው ማን ነው? ከሰው ሁሉ ለይቶ እርሱን የመረጠው ስለምንድን ነው? በሚቀጥለው ፊልም ከእርሱ የባሰ፣ ከዚያም የባሰ የሚመጣውስ ለምንድን ነው? ጠላት አመራረጥ ለደራሲ የሙያ ጉዳይ ነው፤ ለሚያየው ልጅ ግን ትምህርት ነው። ክፋት ከወዴት እንደሚመጣና ምን እንደሚመስል ሳያውቀው ይማርበታል።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ጎብዬን ውሰዱ። ቀድሞ እንዲህ ባሉ የቆላ ከተሞች ፊልም ለማየት የቪዲዮ ቤት መግቢያ ከፍሎ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ግድ ነበር። ዛሬ ፊልሙ በስልክና በሚሞሪ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በዲሽ ይገባል፤ በአማርኛ ተተርጉሞም ይመጣል። ወፍ ሊጠብቅ የማሽላ ማማ ላይ የወጣ ልጅ ስለ ታኖስ ሊያጫውታችሁ ይችላል። እንግዲህ ልጆቻችን የሚያውቁትን እኛም ልናውቀውና ልንመዝነው ይገባል።

አንድ ዓለም፣ ብዙ ፊልም

ማርቭል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 «አይረን ማን» የተሰኘውን ፊልም አወጣ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት አንድ ፊልም ሲያልቅ ታሪኩም አብሮ ያልቅ ነበር፤ ቢበዛ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ይከተለዋል። ማርቭል ግን ብዙ ፊልሞችን በአንድ ዓለም ውስጥ አኖራቸው። የአንዱ ፊልም ጀግና በሌላው ብቅ ይላል፤ በአንዱ የፈረሰ ከተማ ፍርስራሹ በሌላው ይታያል። ፊልሞቹ ዛሬ ከ30 በላይ ሆነዋል።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአያቶቻችን ተረትም አንድ ዓለም ነው። አያ ጅቦና እመት ጦጢት ከአንዱ ተረት ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ፤ ትናንት ማታ የተሞኘው ጅብ ዛሬ ማታ ተመልሶ ይመጣል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ በሉ። አያ ጅቦ በየማታው እየተለቀ አይሄድም። በአንዱ ተረት አንድ አህያ ስለበላ በሚቀጥለው መቶ አህያ፣ ከዚያም ወዲያ አገር ምድሩን አይውጥም። ሁልጊዜ ያው ጅብ ነው፤ የሚለዋወጠው የሚመጣበት መንገድ ነው። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲባል ሙሉ ባላንጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀርጿል። ሆዳምነቱም፣ ጨዋ መምሰሉም፣ የማያውቀውን ሰው መርጦ መሄዱም አለበት።

የማርቭል ደራሲያን የሄዱት በሌላ መንገድ ነው። የሚቀጥለው ጠላት ካለፈው ካልበለጠ ተመልካቹ ይሰለቻል ብለው የሰጉ ይመስላል። በመሆኑም ጠላቱን ከፊልም ፊልም ያተልቁት ጀመር።

ጠላት ሲተልቅ

በ2008 ጠላቱ አንድ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ነበር። በ2012 «ዘ አቬንጀርስ» በተሰኘው ፊልም ሎኪ ከሰማይ ሠራዊት አስከትሎ በኒውዮርክ ከተማ ላይ ወረደ። በ2015 ኡልትሮን የተባለ የብረት ፍጡር የሰውን ዘር ለማጥፋት አንዲት ከተማን ከነመሠረቷ ነቅሎ ወደ ሰማይ አነሳት። በ2018 «ኢንፊኒቲ ዎር» ላይ ታኖስ ስድስት ድንጋዮችን ሰብስቦ ጣቱን ቀጭ ሲያደርግ ሕይወት ካለው ፍጥረት ሁሉ ግማሹ ጠፋ።

ከዚያስ? ከፍጥረት ግማሽ የበለጠ ምን ይጠፋል? ደራሲያኑ መልሱን «ሌሎች ዓለማት» አሉ። በ2021 «ሎኪ» በተሰኘው ተከታታይ ፊልም አንዱ አምሳያው የተዋወቀው ካንግ በ2023 በአንት ማን ሦስተኛ ፊልም ሲመጣ ዓለማትን የሚደመስስ፣ ራሱም በሺህ አምሳያ የሚገኝ ሆኖ ቀረበ።

ገበያው ምን እንዳለ ተመልከቱ። የታኖስን ታሪክ የዘጋው የ2019ኙ «ኤንድጌም» ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የካንግ ፊልም 500 ሚሊዮን እንኳ ሳይሞላ ቀረ። ታዲያ ካንግ ከታኖስ የሚበልጥ ከሆነ ተመልካቹ ስለምን አልፈራውም?

አንደኛ፣ ዓለማትን ያጠፋል የተባለው ሰው ገና በመጀመሪያው ፊልሙ የጉንዳን መንጋ ወረረው። ሁለተኛ፣ አንዱ ቢሞት ሺህ ሌላ አለ ከተባለ የአንዱ መሞትም ሆነ መዳን ትርጉም ያጣል። ሦስተኛውና ዋናው ግን በእርሱና በጀግናው መካከል የቆየ ሒሳብ አለመኖሩ ነው። ተገናኙ፤ ተጣሉ፤ አለቀ። እንዲህ ያለ ጠላት የቱንም ያህል ቢገዝፍ መንገድ ላይ እንደገጠመ ናዳ ነው። ናዳ ይገድላል፤ ነገር ግን ከናዳ ጋር የሚነጋገር የለም።

የካንግ ነገር በዚሁ ተቋረጠ። ተዋናዩ በታኅሣሥ 2023 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ በመባሉ ኩባንያው አሰናበተው። በሐምሌ 2024 ደግሞ ቀጣዩ ዋና ጠላት ዶክተር ዱም እንደሚሆንና የሚጫወተውም ሮበርት ዳውኒ ጁንየር እንደሆነ ተነገረ። ዶክተር ዱም ከ1962 ጀምሮ በሥዕላዊ መጽሔቶች የሚታወቅ ባላንጣ ነው። ዳውኒ ግን ለአሥራ አንድ ዓመታት አይረን ማንን ሆኖ የተወደደው ሰው ነው። ኩባንያው ለጠላቱ ቅርብ ፊት እንዳስፈለገው ከዚህ እንረዳለን። ይሁን እንጂ የሚታወቅ ፊት መዋስ አንድ ነገር ነው፤ ተመልካቹ የሚያውቀው በደል ይዞ መምጣት ሌላ ነው።

ታኖስና የወሎ ረሃብ

እርግጥ ነው፣ ታኖስ ሰርቷል። የሠራው ግን በግዝፈቱ አይደለም። በ2012 ለጥቂት ሰከንድ ከታየ በኋላ ደራሲያኑ ስድስት ዓመት አስጠበቁን። ሲመጣም ለዓላማው ያሳደጋትን ልጅ የሠዋ አባት ሆኖ መጣ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐሳብ ነበረው። ምግብና ሀብት ውሱን ነው፤ አፍ በዝቷል፤ ግማሹ ቢጠፋ ግማሹ ይጠግባል ይላል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሐሳብ ወሎ ውስጥ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ስለ ረሃብ ሲነገር «በዝታችሁ ነው» የሚለው ድምፅ ለእኛ አዲስ አይደለምና። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው ጥናቱ የ1973ቱን የወሎ ረሃብ መርምሮ ነበር። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የነበረው ጠቅላላ የምግብ ምርት ይህን ያህል ረሃብ የሚያመጣ ቅናሽ እንዳላሳየ፣ የገደለው የወሎ ገበሬ ምርቱንና ከብቱን አጥቶ የመግዛት አቅሙ መውደቁ እንደሆነ አስረድቷል። እንዲያውም ሰው በሚራብበት ጊዜ ከወሎ ወደ ሌላ ገበያ የወጣ እህል ነበር። እንግዲህ የታኖስ ስሌት ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ግማሹን ሕዝብ ብታጠፋ የገበሬው እጅ፣ የነጋዴው መኪና፣ የሐኪሙ እውቀት አብሮ በግማሽ ይጠፋል፤ የተቀረው ይጠግባል ያለው ማን ነው?

የፊልሞቹ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁለት ፊልም፣ አምስት ሰዓት ከግማሽ ያህል ጊዜ ተሰጥቷቸው ከጀግኖቹ አንዱ እንኳ ይህን መልስ አልመለሰለትም። በቡጢ እንጂ በቃል አልተረታም። ክፉን ሰው ሐሳብ ሰጥቶ ለጀግናው መልስ መንፈግ ለልጅ አደገኛ ነው። ልጁ «እርሱ እንኳ እውነቱን ነበር» ብሎ ከፊልሙ ይነሳል፤ ብዙ ወጣቶችም እንዲህ ሲሉ ተሰምተዋል።

በ«ኤንድጌም» ደግሞ የባሰ ስህተት ተሠራ። ፍጥረትን ያጠፋው ታኖስ ገና በፊልሙ መጀመሪያ ተገደለ። ለመጨረሻው ታላቅ ጦርነት የመጣው ከ2014 ዓመት በጊዜ ተሻግሮ የመጣ ሌላ ታኖስ ነው። ዋንዳ የተባለችው ጀግና ሁሉን ነገር የነጠቅኸኝ አንተ ነህ ስትለው ማን እንደሆነች እንኳ አላወቃትም። እውነቱን ነው፤ እርሱ ገና ምንም አላደረጋትም። ሠራዊቱ እስከዚያ ከታየው ሁሉ በዝቷል፤ በደሉ ግን ከሜዳው የለም። ተበዳይዋ ስትጮህ የሚሰማት በዳይ ጠፋ።

ደመኛው

ለመሆኑ እነዚህን ጀግኖች ከማንም የበለጠ የጎዳቸው ማን ነው? በ2016 «ካፕቴን አሜሪካ፦ ሲቪል ዎር» ላይ የምናየው ዜሞ ነው። ዜሞ አይበርም፤ ተአምር የለውም፤ ሠራዊትም አላስከተለም። ሶኮቪያ የተባለች ፊልሙ የፈጠራት አገር ሰው ነው። ኡልትሮን ነቅሎ ያነሳት ከተማ የእርሱ አገር ነበረች። በዚያ ጦርነት አባቱ፣ ሚስቱና ልጁ ሞቱ። ጀግኖቹ ድል አድርገው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ እርሱ ሚስቱ በስልክ የተወችለትን ድምፅ ደጋግሞ እያዳመጠ ቀረ።

ዜሞ ያደረገው አንድ የተቀበረ እውነት ቆፍሮ ማውጣት ነው። የአይረን ማን ወላጆች በ1991 የተገደሉት በካፕቴን አሜሪካ የልጅነት ጓደኛ እጅ ነበር፤ ጓደኛው አእምሮው በሌሎች ተይዞ ያደረገው ቢሆንም። ካፕቴኑ ይህን እያወቀ ከወዳጁ ሸሽጓል። ዜሞ እውነቱን በመካከላቸው አስቀመጠና ዳር ቆመ። ወዳጆቹ ተፋጁ። ታኖስ በመጣ ጊዜ ተለያይተው ያገኛቸው በዚህ ምክንያት ነው። ግማሽ ፍጥረት የጠፋው በድንጋዮቹ ኃይል ብቻ ሳይሆን በዚያች በተሸሸገች እውነትም ነው ማለት ይቻላል።

የራያ ሰው ዜሞን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በእኛ ቋንቋ ደመኛ ነው። በአካባቢያችን ሰው ሲሞት፣ ገዳዩ ሳያስበው ያደረገው ቢሆን እንኳ፣ ነገሩ በዝምታ አይታለፍም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀመጥበት የዘወልድ ሽምግልና በሁለቱ ወገን መካከል ይገባል። በደሉ በአደባባይ ይነገራል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ደም ይደርቃል። በፊልሙ ግን መንግሥታት ተሰብስበው ስለ ጀግኖቹ ቁጥጥር ሰነድ ጻፉ እንጂ ከጀግኖቹ አንዱ የዜሞን በር አላንኳኳም። አንድ ሰው «አላህ ያጽናህ» ሊለው ወይም በሃይማኖቱ ቃል ሊያጽናናው ቢሄድ ታሪኩ ምን ይሆን ነበር ብላችሁ አስቡ።

በዚሁ ፊልም መጨረሻ ያለው ነገርም ሊጠቀስ ይገባዋል። ዜሞ ባፈነዳው ቦምብ አባቱ የሞተበት ንጉሥ ትቻላ ደመኛውን እጁ አስገባ። ሊገድለው ይችል ነበር። አልገደለውም፤ ራሱን ሊያጠፋ ሲልም ይዞ ለሕግ አስረከበው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ብርቱ ማለት ሰውን ታግሎ የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚይዝ መሆኑን አስተምረውናል። ለልጆቻችን ከፊልሙ ጩኸት ሁሉ ይህችን አንዲት ደቂቃ ብናሳያቸው ይበቃ ነበር።

ከዜሞ ሌላ ያልተረሱትን ጠላቶች ብትቆጥሩም ነገሩ ያው ነው። በ«አይረን ማን» የነበረው ስቴን የጀግናው የንግድ ሸሪክ ነው። ሎኪ ከቶር ጋር በአንድ ቤት ያደገ ወንድሙ ነው። ኡልትሮንን የሠራው ራሱ አይረን ማን ነው፤ ዓለምን ሊጠብቅበት። በ2017ቱ የስፓይደርማን ፊልም ያለው ቱምስ ከኒውዮርኩ ጦርነት በኋላ ፍርስራሽ ለማንሳት ውል ይዞ ሠራተኛ ቀጥሮ ሳለ ውሉን የተነጠቀ ሰው ነው። የነጠቀውም አይረን ማን ያለበት መሥሪያ ቤት ነው። የዚያ ፊልም አስደንጋጭ ጊዜ ጦርነቱ አይደለም፤ ወጣቱ ጀግና የትምህርት ቤት ጓደኛውን ቤት ሲያንኳኳ በሩን የከፈተው አባት ሲያሳድደው የነበረው ሰው ሆኖ ማግኘቱ ነው። በ2018ቱ «ብላክ ፓንተር» የመጣው ኪልሞንገር የንጉሡ የአጎት ልጅ ነው። አባቱን የገደለው የራሱ አጎት፣ የቀድሞው ንጉሥ፣ ሕፃኑን በባዕድ አገር ጥሎት ሄደ። በደሉ እውነት ነበር፤ የመረጠው መንገድ ግን ሌላ ብዙ ሕፃናትን የሚያስለቅስ ሆነ። ንጉሡ ካሸነፈው በኋላ ልጁ ወደ ተጣለበት ሰፈር ሄዶ የበጎ ሥራ ማዕከል ከፈተ። እንዲህ ያለ ፍጻሜ ከመቶ ሠራዊት ይበልጣል።

አቀንጭራ

የቆላው ገበሬ ሁለት ዓይነት ጠላት ያውቃል። አንዱ አንበጣ ነው። በ2020 መኸር አንበጣው ወደ ራያ ቆቦ ሲወርድ ሰማዩ ጠቆረ። ያላየው አልነበረም። ትልቅ ትንሹ ወጣ፤ ቆርቆሮ ተደበደበ፤ ጅራፍ ጮኸ፤ አውሮፕላን መድኃኒት እንዲረጭ ተጠየቀ። የደረሰ ማሽላና ጤፍ በሰዓታት ውስጥ የወደመበት ሰው ብዙ ነው። ጥፋቱን ማንም አያቃልለውም። ነገር ግን አንበጣ ጠላትነቱን የሚጠራጠር የለም፤ ሲመጣም ሲሄድም ይታያል።

ሌላው አቀንጭራ ነው። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው ማሽላው ራሱ ከሥሩ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ያን ጊዜ ሥሩ ላይ ይጣበቅና ውኃውንና ምግቡን ይመጠምጣል። ከመሬት በላይ ወጥቶ ያችን የምታምር አበባውን ሲያሳይ ጉዳቱን አድርሶ ጨርሷል። ቆርቆሮ ቢደበደብ አይሸሽም።

ደስ የሚለው ነገር ደግሞ የጎብዬ ስም ከዚሁ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። አቀንጭራን የሚቋቋም አንድ የማሽላ ዝርያ «ጎብዬ» ይባላል። «አብሽር» ከተባለው ዝርያ ጋር ለገበሬው ከተለቀቀ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ የደከሙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። የእነ ጎብዬ ብልሃት ከአቀንጭራ የበለጠ ጉልበት ማብቀል አይደለም። ሥሮቻቸው ያንን ቀስቃሽ ንጥረ ነገር አብዝተው አያመነጩም። ጠላታቸውን ከእንቅልፉ አይጠሩትም።

ታኖስና ካንግ አንበጣ ናቸው። ዜሞ፣ ስቴን፣ ኡልትሮንና ኪልሞንገር ግን አቀንጭራ ናቸው፤ የነቁት ከጀግናው ሥር በወጣ ነገር ነው። አንዱ በቸልታ፣ ሌላው በተሸሸገ እውነት፣ ሌላው በትዕቢት፣ ሌላው በተጣለ ልጅ። ማርቭል ጥሩ የሠራው አቀንጭራ በመረጠ ጊዜ ነው፤ የደከመው አንበጣ በአንበጣ ላይ በጨመረ ጊዜ ነው።

የአላህን ቃል ከፊልም ጋር ማነጻጸር ሐሳባችን አይደለም፤ ከዚያ አላህ ይጠብቀን። ሆኖም ልጆቻችን ስለ ክፋት የሚማሩበትን ካነሳን ከቁርኣን የተማሩትን ማስታወስ ተገቢ ነው። ኢብሊስ የወደቀው በጦርነት አይደለም፤ ከእሳት መፈጠሩን ከአደም (ዐ.ሰ) ጭቃ አብልጦ በመኩራቱ ነው። ፊርዓውን ሙሳ (ዐ.ሰ) ያደጉበት ቤት ጌታ ነበር። ቃሩን ከሙሳ ወገን የነበረና ሀብቱ በእውቀቴ የመጣ ነው ብሎ የተመጻደቀ ሰው ነው። ሃማን ደግሞ ለክፉ ጌታ ታዛዥ ባለሟል ነው። አንዱ ሥልጣን፣ አንዱ ገንዘብ፣ አንዱ ሎሌነት። በመጠን እየተበላለጡ አልተደረደሩም፤ በዓይነት ይለያያሉ። ሁሉም በሰው ልብና በሰው ቤት የሚገኙ ናቸው።

ፊቱ የማን ነው?

ጠላት ሲመረጥ ፊትም አብሮ ይመረጣል። ይህ እኛን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ነው። የአይረን ማን ታሪክ በ1963 ሲጻፍ ጀግናው የተማረከው በቬትናም ነበር። በ2008 ፊልም ሲሆን ማራኪዎቹ ወደ አፍጋኒስታን ዋሻ ተዛወሩ። የአሜሪካ ጦር ወደ ሄደበት ጠላቱም አብሮ ሄደ። የሚገርመው በ1988 በወጣው «ራምቦ 3» አፍጋናውያን የጀግናው ወዳጆች ነበሩ፤ ያኔ ጠላቱ ሶቪየት ነበርና። በ1994 «ትሩ ላይስ» ላይ ጠላቱ ዐረብ ሆነ። ጃክ ሻሂን የተባሉት ምሁር በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ900 በላይ የሆሊውድ ፊልሞችን መርምረው ዐረብና ሙስሊም በአብዛኛው እንዴት በክፉ ፊት እንደሚሳል አሳይተዋል።

ፍርዳችን ግን ሚዛናዊ ይሁን። በ«አይረን ማን» ዋሻ ውስጥ ያሉት ሰዎች የያዙት መሣሪያ የጀግናው ኩባንያ የሠራው ነው፤ ያሰማራቸውም ሸሪኩ ነው። ጀግናውን ያዳነውና ነፍሱን የሰጠለት ዪንሰንም የዚያው አገር ሰው ነው። በ2013 በወጣው ሦስተኛ ፊልም ያ ጢሙን አስረዝሞ በቴሌቪዥን የሚዝተው አስፈሪ ሰው የተቀጠረ ተዋናይ ሆኖ ተገኘ፤ ከኋላው ያለው ሌላ ባለሀብት ነበር። «አሥሩ ቀለበቶች» የተባለው ቡድን በ2008 ፊት የሌለው ሽፍታ ነበር። በ2021 ሲመለስ መሪው ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጁ የሸሸው አባት ሆኖ ታየ። በ2022 «ሚስ ማርቭል» ላይ ደግሞ ጀግናዋ ካማላ ኻን የተባለች ሙስሊም ልጅ ሆነች፤ መስጊድ የሚፈትሹት የመንግሥት ወኪሎች በጠላት ወገን ቆሙ። ይህ ለውጥ ነው። ነገር ግን ልጅ መጀመሪያ ያየውን ዋሻ ይዞ ይቀራል፤ እርማቱ ከአምስት ወይም ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ሲመጣ ላያየው ይችላል።

ጠላትን የማተለቅ ልማድ ሌላም ጣጣ አለው። ጠላት በገዘፈ ቁጥር ሠራዊት ያስፈልገዋል፤ ሠራዊቱም ፊት የለውም። ጀግናው እልፉን ሲያጭድ ልጁ ያጨበጭባል እንጂ አያዝንም። ከሰው አልተወለዱማ! እኛ ግን በ2021ና በ2022 ጦርነት ወደ ራያ ቆቦ ሲገባና ሲወጣ ያየን ነን። የሞተው ሁሉ ስም ነበረው፤ በየትኛውም ወገን የሞተው እናት ነበረችው። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር የሚያድግ ልጅ «እነዚያ» ስለተባለ ሕዝብ ብዙ ነገር ይሰማል። ጠላት ማለት ፊት የሌለው ብዙ ነው የሚል ትምህርት በፊልም ከተጨመረበት ነገ ጎረቤቱን የሚያይበት ዓይን ምን ይሆናል? ፊልሞቹን የምንተችበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? መከልከል ብቻውን ብዙ አያስኬድም፤ ሚሞሪው ከጎረቤት ይመጣል። ይልቅ አብረናቸው እንቀመጥ፤ ሲያልቅም እንጠይቃቸው። ይህ ሰው ክፉ የሆነው መቼ ነው? ያን ጊዜ ማን ሊደርስለት ይችል ነበር? ጀግናው በነገሩ ድርሻ አለው ወይ? ፊቱንስ የማንን አስመሰሉት? ልጅ መልሱን ሲፈልግ ጠላትን መመርመር ይለምዳል፤ የተባለውን ሁሉ ተቀብሎ አይጠላም።

ለእኛ ደራሲያንም አንድ ቃል አለን። በ2018 «ጀምበር» የተሰኘ የልዕለ ጀግና ሥዕላዊ መጽሔት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቶ ነበር። ጀግናው ተመርቆ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ወጣት ነው። የመነሻው ነገር መልካም ነው፤ የሥራ ማጣትን የማያውቅ ቤት የለንምና። ከዚህ በኋላ ጀግና የምትፈጥሩ ሁሉ ጠላቱን ከሰማይ ለማውረድ አትቸኩሉ። እህል ደብቆ ዋጋ የሚጠብቅ ነጋዴ፣ አደራ የበላ ሹም፣ ደሙ ያልደረቀለት ጎረቤት በየቀያችን አለ። ቆሞ የሚዘንበትና የሚታረምበት መንገድም አብሮ ይጻፍለት።

አንበጣ ሲመጣ በጋራ መውጣታችንን አንተውም። ግን የልጆቻችን ዓይን ሰማይ ሰማዩን ብቻ እንዳያይ እንጠንቀቅ፤ ሥሩንም መቆፈር እናስተምራቸው። አላህ ልጆቻችንን ከክፉ ይጠብቅልን፤ እኛንም ክፉ ከምንቀሰቅስ ይሰውረን። ወላሁ አዕለም።